ቀድሞ የተናገረ አይቀጣም

ሰውነቷ ቀጭን፣ ቁመቷ አጭር፣ አነጋገሯም ሹል ስለሆነ በዚያ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ «መርፌ» ይሏታል። ፊት ለፊት ሲያገኟት ግን «ክብርት ሰብሳቢ» ነው። እሷ ሁለቱንም ታውቃለች። አንድ ቀን ደረጃ ስትወርድ ሁለት ጸሐፊዎች ከኋላዋ ሆነው «መርፌ ዛሬ ደግሞ ማንን ትወጋ ይሆን?» ሲባባሉ ሰማች። ዞር አለችና «ገና ክር እየፈለግኩ ነው፤ ሳገኝ እነግራችኋለሁ» ብላቸው መንገዷን ቀጠለች። ሁለቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር።

መርፌ የአንዲት ትንሽ አገር አምባሳደር ናት። ሕንጻው ደግሞ የዓለም አገሮች በሙሉ አባል የሆኑበት፣ ወረርሽኝን ለመከላከል የተቋቋመ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ድርጅቱ ሲመሠረት አንድ ደንብ ተጽፎ ነበር፤ በሽታ የተነሣበት አገር እሺ ካላለ በስተቀር ለሌላው ዓለም ማስጠንቀቂያ አይወጣም የሚል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም። ጉልበተኛው አገር በደካማው ላይ ያልሆነ ስም እያወጣ እንዳያጠቃው ብለው ነው። ውሎ አድሮ ግን ነገሩ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ካልፈቀደ ጎረቤት «እሳት!» ብሎ እንዳይጮህ እንደማለት ሆነ። ባለፈው ወረርሽኝ ማስጠንቀቂያው ፈቃድ ሲጠብቅ በሽታው ፈቃድ ሳይጠይቅ ከወደብ ወደብ ተሻገረ፤ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ።

ከዚያ በኋላ «ደንቡ ይሻሻል» ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሰብሳቢ ጡረታ ወጣ፤ ሁለተኛው ተሹሞ ወደ አገሩ ሄደ፤ ሦስተኛው ታመምኩ አለ። ማንም አልፈልግም ሲል ወንበሩ ለመርፌ ደረሳት። የሕግ አማካሪዋ፣ ከአፉ የሕግ ቁጥር ስለማይለይ «አንቀጽ» የሚባለው ረጅም ሰውዬ፣ ዜናውን ሲሰማ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን አከከ።

«እንኳን ደስ ያለዎት ልበል ወይስ እግዜር ያጥናዎት?»

«ሁለቱንም በል» አለችው። «አንዱ ሳይሠራ አይቀርም።»

ሥራው ሲጀመር እግዜር ያጥናዎት የሚለው አመዘነ። ደንብ የሚለወጠው ሁሉም አገር ሲስማማ ብቻ ነው፤ አንዱ «እቃወማለሁ» ካለ አለቀ። ስለዚህ ኮሚቴው ሁሉንም ለማስደሰት ሲል አንድ ቃል ላይ ሳምንት ይከርም ነበር። እሑድ ጠዋት ጠዋት ታላቅ እኅቷ ትደውልላታለች። እትዬ በአገራቸው ወደብ ባለው ሆስፒታል የምትሠራ ሐኪም ናት። ባለፈው ወረርሽኝ በአንድ ክፍል አብረዋት ይሠሩ ከነበሩት መካከል ግማሾቹን ቀብራለች። ከዚያ ወዲህ ትዕግሥት የሚባል ነገር ከቤቷ ወጥቷል።

«ሰሞኑን ስለ ምን ተከራከራችሁ?» አለቻት አንድ እሑድ።

«‹አለበት› ይባል ወይስ ‹ይበረታታል› ይባል በሚለው ላይ።»

«ምኑ?»

«በሽታ የተነሣበት አገር መናገር አለበት ወይስ እንዲናገር ይበረታታል?»

ስልኩ ዝም አለ። መርፌ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ?» አለች።

«አለሁ» አለች እትዬ። «እያሰብኩ ነው። አንድ በሽተኛ መተንፈስ ሲያቅተው ኦክስጅን መስጠቴን ትቼ ‹አይዞህ፣ ተንፍስ› እያልኩ ላበረታታው ይሆን?»

«እትዬ፣ እባክሽ።»

«ምን እባክሽ አለው! እዚያ እናንተ ቃል ስትመርጡ እዚህ እኔ ሰው እመርጣለሁ፤ የትኛው አልጋ ያግኝ፣ የትኛው ይቅር እያልኩ። አንቺ የእናቴ ልጅ ባትሆኚ ይህን ስልክ በፊትሽ ላይ ዘግቼው ነበር።»

ይህን ብላ ዘጋችው።  እኅቷ ሐቋን ነው፤ እሷም ሐቋን ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነበር።

በኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገዱን ዘግተውባታል። አንደኛው የአንድ ታላቅ አገር መልእክተኛ ሲሆን ስሙ «ሳቂታው» ነው። ሳቂታው በሕይወቱ እምቢ ብሎ አያውቅም። «ግሩም ሐሳብ ነው» ይልና ፈገግ ይላል፤ «ንዑስ ኮሚቴ ይመልከተው» ይልና እንደገና ፈገግ ይላል። አንቀጽ እንደሚለው ንዑስ ኮሚቴ ማለት መቃብር ነው፤ ልዩነቱ ሻይ የሚቀርብበት መሆኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሽማግሌ አምባሳደር ናቸው። አገራቸው ከመርፌም አገር ታንሳለች፤ ተቃውሟቸው ግን ተራራ ያክላል። ፈገግታም፣ ንዑስ ኮሚቴም የለም፤ ረቂቁ በቀረበ ቁጥር የአገራቸውን ስም የያዘውን ሰሌዳ ቀጥ አድርገው ያቆሙና «አገሬ አትቀበልም» ይላሉ፤ ሰሌዳውን ያስተኙታል፤ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። በዚህ የተነሣ «ግንቡ» ተባሉ።

መርፌ ግንቡን በተረት ለማሸነፍ ሞከረች። «የተከበሩ አምባሳደር፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለቻቸው በሙሉ ስብሰባ ፊት።

«ሰምቻለሁ» አሉ ግንቡ። «አገሬ አትቀበልም።»

በዚህ ሁኔታ እየተነታረኩ የጉባኤው ወቅት ተቃረበ። መርፌ ከስብሰባ ስብሰባ ስትሮጥ፣ ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ አንድ ጠዋት ስትነሣ ድምፅ የሚባል ነገር ከጉሮሮዋ የለም። «አንቀጽ» ልትል አፏን ብትከፍት የወጣው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነው። አንቀጽ እየሳቀም እየደነገጠም በሕንጻው ምድር ቤት ወዳለው ክሊኒክ አወረዳት።

ነርሷ ጉሮሮዋን በባትሪ አይታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ክብርት ሰብሳቢ፣ ዛሬ ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ። በሹክሹክታም ቢሆን። ይቀመጡ፤ እንፋሎት የሚተነፍሱበት መድኃኒት አዘጋጅቼ እመጣለሁ።»

መርፌ ወደ ማረፊያው ክፍል ስትገባ ግንቡ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የደም ግፊት መለኪያ ክንዳቸው ላይ ታስሮ ተቀምጠዋል። ሌላ ወንበር የለም፤ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየቻቸውና እጇን አወዛወዘች።

«ድምፅዎ ጠፋ?» አሉ ግንቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየቻቸው። «እኔን ግፊት፣ እርስዎን ጉሮሮ! ደንቡ ሁለታችንንም ሳይገድለን አይቀርም።»

እሷ ራሷን ነቀነቀች።  መለኪያው ተነፋና ተነፈሰ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው መናገር ጀመሩ፤ ሰው የሚያቋርጠው ሲያጣ ይናገራል መሰለኝ።

«ያን ዕለት የተረቱብኝ ተረት እውነት ነው። የተተረተው ግን ሐኪሙ በሚመጣበት አገር ነው። እኛ አልደበቅንም እኮ! ከብዙ ዓመት በፊት፣ እኔ የጤና ሚኒስትር በነበርኩ ጊዜ፣ በአንድ ወረዳ በሽታ ታየ። ማንም ሳያስገድደን በማግስቱ ለዓለም ተናገርን። ምን የተደረገልን ይመስልዎታል? አውሮፕላን ቀረ። መርከብ ቀረ። ዕቃችንን የሚገዛ ጠፋ። መድኃኒት የጫነው መርከብ እንኳ ‹ወደ እናንተ ወደብ አልገባም› ብሎ መንገድ ላይ ተመለሰ። በበሽታው ከሞተብን ይልቅ በር ስለተዘጋብን የሞተው በዛ። ሕዝቡ እኔን ‹አፈኛው› አለኝ። ልጄ ትምህርት ቤት የአፈኛው ልጅ እየተባለች አለቀሰች።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ድንበር የሚጋራው አገር በሽታው ነበረበት፤ ዝም አለ፤ ምንም አልሆነም። እና አሁን እርስዎ ‹ይናገሩ› የሚል ደንብ ያመጣሉ። እሺ፣ እንናገር። ከዚያስ?»

መርፌ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ደግነቱ አልወጣም። ድምፅ ቢኖራት ኖሮ፣ እንደ ልማዷ፣ መልስ ትሰጥ ነበር፤ መልሱም የተሳሳተ ይሆን ነበር። ነርሷ እንፋሎቱን ይዛ ስትመጣ መርፌ ፎጣ ተከናንባ፣ እንፋሎት እየሳበች፣ አንድ ነገር ብቻ ታሰላስላለች፤ እኛ ለካ ሰዎቹን ዝም ያሰኛቸውን ነገር ሳንነካ ዝምታቸውን ልንከለክል ነው የደከምነው።

ፎጣውን ገልጣ የግንቡን እጅ ያዘችና፣ የነርሷን ትእዛዝ ጥሳ፣ በሻከረ ሹክሹክታ «ቀድሞ የተናገረ አይቀጣም» አለቻቸው። «እንዲህ የሚል ደንብ ባመጣስ?»

ግንቡ ትክ ብለው አዩዋት። «ክብርት ሰብሳቢ፣ እንዲያ ከሆነ ሰሌዳዬን ለእርስዎ አቆምልዎታለሁ።»

«እኔ አይናገሩ ብዬ አልነበረም?» አለች ነርሷ።

ረቂቁ እንደገና ተጻፈ። አንቀጽ «የተሠራ ቤት አፍርሰን ነው» ብሎ አጉረመረመ፤ ግን በሚቀጥለው ቀን ዓይኑ ቀልቶ፣ ደስ ብሎት መጣ። አዲሱ ሐሳብ ሁለት እግር ነበረው። አንደኛው፣ በሽታ የተነሣበት አገር መናገር አለበት፤ እሱ ባይናገር አጣሪ ቡድን ያለ ፈቃድ ገብቶ፣ ባለሙያዎች አረጋግጠው ማስጠንቀቂያውን ያወጣሉ። ሁለተኛው፣ ለተናገረው አገር መድኃኒትና ሐኪም ይላካል፤ በእርሱ ላይም ማንም በሩን አይዘጋም።

ከዚያ በኋላ የታየው ነገር ሕንጻውን አስገረመ። መርፌና ግንቡ ጎን ለጎን ሆነው በየኮሪደሩ ይዞሩ ጀመር። እሷ ገና ድምፅዋ ሙሉ ስላልተመለሰ እሳቸው ይናገራሉ፤ እሳቸው ደረጃ ሲከብዳቸው እሷ ክንዳቸውን ትደግፋለች። ትንንሾቹ አገሮች ግንቡን ሲያዩ በራቸውን ከፈቱ፤ ለካ ብዙዎቹ ያው ቁስል ነበረባቸው፣ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም እንጂ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! ጉባኤው ሲከፈት ድሩ አብሯል። የቀረው አንበሳው ነው።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አስተርጓሚዎቹ በመስተዋት ክፍሎቻቸው ውስጥ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። መርፌ ከመድረኩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ ወለል ስለማይደርስ አንቀጽ አስቀድሞ መረገጫ አኑሮላታል። ረቂቁን አስተዋውቃ ሳትጨርስ ሳቂታው ሰሌዳውን አቆመ።

«ግሩም ሐሳብ ነው» አለ። «ታሪካዊ ነው። ለዚህም ነው ጊዜ ወስደን፣ በንዑስ ኮሚቴ ተመልክተን፣ ወደሚቀጥለው ጉባኤ እንድናስተላልፈው አገሬ የምትጠይቀው።» ፈገግ አለ።

ለማስተላለፍ የሁሉም ስምምነት አያስፈልግም፤ የብዙኃን ድምፅ ይበቃል።  ያኔ ከአዳራሹ ጥግ የግንቡ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ቆመ። በልማዳቸው «አገሬ አትቀበልም» አሉ። ከዚያ ግን ሰሌዳውን አላስተኙትም። «ማስተላለፉን አገሬ አትቀበልም! ይህን ደንብ ለብዙ ዘመን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ማስቆም ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከባዱ የዛሬው ነው። ተናግረን የተቀጣን እኛ ነን፤ እኛ እንናገር ካልን፣ ያልተቀጣው ምን ቸግሮት ጊዜ ይጠይቃል?»

 ከዚያ ሌላ ሰሌዳ ተነሣ፤ ሌላም፤ ሌላም፤ እንደ ዝናብ ማግስት እንጉዳይ ፈላ። ማስተላለፉ ድምፅ ተሰጥቶበት ወደቀ።

መርፌ መዶሻዋን አንሥታ ዕረፍት አወጀች። ምክንያቱም ዓይኗ ሳቂታው ላይ ነበር፤ ሳቂታው ፈገግታውን ትቷል። ረቂቁ አሁን ቢቀርብ በአንድ ቃል ሊገድለው ይችላል። ከመድረኩ ወርዳ በጎን በር በኩል ወዳለችው ጠባብ ክፍል፣ የተሰበሩ ወንበሮች ወደሚከማቹባት፣ ይዛው ገባች።

«እርስዎ እምቢ ሊሉ ነው» አለችው።

«ታዝዣለሁ» አለ ሳቂታው። በአንደኛው ወንበር ክንድ ላይ ተደገፈ። «አየሽ... ይቅርታ፣ አዩ፣ ክብርት ሰብሳቢ፣ እኔ እኮ የምስቀው ሁልጊዜ እምቢ በል ስለምባል ነው። አንድ ጊዜ እሺ በል ቢሉኝ ፊቴን አሳርፈው ነበር።»

«ምን ቢለወጥ ነው እሺ የሚያሰኝዎት?»

«ማንም በሩን አይዝጋ የሚለው። ምንም ዓይነት በሽታ ቢመጣ? የትኛው መንግሥት ነው ለሕዝቡ እጄን ታስሬያለሁ የሚለው?»

መርፌ ልትወጋው ምላሷን ስታሾል የክሊኒኩ ቀን ትዝ አላትና ዋጠችው። ስልኳን አውጥታ ለእትዬ ደወለች።

«እትዬ፣ ፍጠኚ። በር መዝጋት የሚያስፈልግበት በሽታ አለ?»

«አለ እንጂ!» አለች እትዬ፣ ከኋላዋ የሆስፒታል ጫጫታ እየተሰማ። «አልፎ አልፎ አለ። የሚገድለን መዝጋቱ አይደለም፤ ያለ ምክንያት መዝጋቱ ነው። የሚዘጋ ሰው ማስረጃውን እኛ ሐኪሞች ፊት ያምጣ። ምነው?»

«በኋላ እነግርሻለሁ።»

በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ቆመው ተደራደሩ። በሩን የሚዘጋ አገር ምክንያቱን በባለሙያዎች ሸንጎ ፊት፣ በአደባባይ ያስረዳል፤ ሸንጎው ካላመነበት ይከፍታል። ሳቂታው «በአደባባይ» የሚለው ቃል እንዲወጣ ታገለ፤ እሷ አልለቀቀችም። በልዋጩ አጣሪ ቡድን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ይግባ የሚለውን ሐሳብ ተወችለት። የተወችው ነገር ቀላል አልነበረም፤ ብዙ የደከመችበት ነው። የሕግ አማካሪዋ ሲሰማ ግንባሩን መታ። እሷ ግን «ለሚቀጥለው ሰብሳቢም ሥራ እንተውለት» አለችው።

ሳቂታው ከአለቆቹ ጋር በስልክ ሲነጋገር ከመስኮቱ ወዲህና ወዲያ ተመላለሰ፤ እጁን አወናጨፈ፤ አንዴ እንዲያውም ጮኸ። እሱ ይጮሃል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወደ አዳራሹ ሲመለስ ፊቱ ደክሞ፣ ምን እንደተባለ ሳይነግራት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

መርፌ የተሻሻለውን ረቂቅ በራሷ ድምፅ አነበበች። ሻካራ ነበር፤ ግን ደረሰ። ከዚያ፣ «ተቃውሞ ያለው አገር አለ?» አለች።

አዳራሹን አየች። ከዳር እስከ ዳር። ሰሌዳዎቹ ሁሉ ተኝተዋል። የሳቂታው እጅ ሰሌዳው አጠገብ ነው፤ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ይመታሉ። አንድ አስተርጓሚ ትንፋሹን ሲውጥ በማዳመጫው ተሰማ። የሳቂታው እጅ ተነሣ፤ ተነሣና ብርጭቆውን ያዘ። ውኃ ጠጣ።

«ተቃውሞ የለም» አለች መርፌ። «ጸድቋል!»

መዶሻው ሲወርድ የመታው ጠረጴዛውን ይሁን የሰዉን ደረት ያወቀ የለም፤ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ሰው ተቃቀፈ፤ ወንበር ተገለበጠ፤ በሥነ ሥርዓታቸው የታወቁት አስተርጓሚዎች መስተዋቱን በመዳፋቸው ይደበድባሉ። አንቀጽ ቁመቱን ረስቶ ሲዘል ከተንጠለጠለው መብራት ጋር ተጋጨ። ግንቡ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ ያለቅሱ ነበር። መርፌ ከመድረክ ወርዳ ስትደርስላቸው ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት፤ «ልጄ» አሏት።

ሳቂታው ከኋላ መጥቶ እጁን ዘረጋ። አሁንም ይስቅ ነበር፤ ይህኛው ግን እስከ ዓይኑ የደረሰ ሳቅ ነው።

ደንብ ወረቀት ላይ ሲጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ሲፈተን ሌላ። ፈተናው ብዙም አልዘገየም። በቀጣዩ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በግንቡ አገር፣ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ የማይታወቅ ትኩሳት ሰዎችን ጣለ። መንግሥቱ ሌላ ቀን ሳይጨምር ለዓለም ተናገረ። ሁለት አገሮች በራቸውን ሊዘጉ ተነሡ፤ ወደ ሸንጎው ቀርበው በዓለም ካሜራ ፊት ምክንያታቸውን እንዲያስረዱ ሲጠየቁ፣ አንደኛው ሐሳቡን ወዲያው ተወ፤ ሌላኛው ቀርቦ የሚያስረዳው አጣና ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች ሲላኩ ከመካከላቸው እትዬ ነበረች። ማንም አላዘዛትም፤ ሻንጣዋን አዘጋጅታ «እኔ ነኝ የምሄደው» አለች፤ አለቀ።

መርፌ በእነዚያ ሳምንታት እህል አልወርድልሽ አላት። ሰብሳቢ ሆና ትቀመጣለች፤ ጆሮዋ ግን ስልኳ ላይ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ሌላ ደንብ በጋለ ክርክር መካከል ስልኳ ጠራ፤ የእኅቷ ነው። ደንቡ ይፈቅድ አይፈቅድ ሳታስብ አነሣችው።

«ጠፍቷል» አለች እትዬ። ድምፅዋ ዝሏል፤ ግን ከስንት ዓመት ወዲህ መርፌ ሰምታው የማታውቀው ነገር አለበት። «ከመንደሯ አልወጣም። እዚያው አነቅነው። የመጨረሻዋ በሽተኛ ዛሬ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እኔ ነኝ እስከ በሩ የሸኘኋት። አየሽ፣ ወደቡ ክፍት ነው! መድኃኒት የጫኑት መርከቦች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንድም አልተመለሰም። ሰውዬሽ ግንቡም እዚህ ናቸው፤ ከሕዝቡ ጋር ቆመው መርከብ ይቆጥራሉ።»

መርፌ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቆመች። ተሰብሳቢዎቹ ሁሉ ያዩዋታል።

«ክብርት ሰብሳቢ» አለ አንዱ፣ «የተናጋሪው ጊዜ...»

«ይቅርታ» አለች መርፌ፤ ድምፅዋ ጥርት ብሎ አዳራሹን ሞላው። «ትኩሳቱ ጠፍቷል! ከመንደሯ ሳይወጣ ጠፍቷል!»

መጀመሪያ ማን እንዳጨበጨበ አይታወቅም። ሁሉም ሲነሣ፣ ጭብጨባው በየኮሪደሩ ወርዶ ከየክፍሉ ሰው ሲያስወጣ፣ መርፌ መዶሻዋን ፈለገች፤ አላገኘችውም። በመዳፏ ጠረጴዛውን መታችና ስብሰባውን በተነች።